የልባችን ደጃፍ

በግ ስናርድ ልቡን በእጃችን ይዘን አይተናል። ከአናቱ ነጣ ያለ ወፍራም ቧንቧ ይወጣል። ከልብ የተነሣውን ደም ወደ መላ አካል የሚወስደው እሱ ነው። ሐኪሞች አኦርታ ይሉታል። ሥሩን በቢላ ሰንጠቅ ብናደርገው እንደ ኪስ የተንጠለጠሉ ሦስት ስስ ሽፋኖች እናገኛለን። የሰውም እንደዚሁ ነው።

ሽፋኖቹ በሮች ናቸው። ልብ ሲጨመቅ ተከፍተው ደሙን ያሳልፋሉ። ልብ ሲላላ ይዘጋሉ፤ ያለፈው ደም እንዳይመለስ ያግዱታል። በአንድ ምት የሚያልፈው ደም አንድ የቡና ሲኒ ያህል ነው። ታዲያ ልባችን በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህን ሁሉ ስስ ሽፋን እንዴት ቻለው?

ግድግዳው ያግዘዋላ! የቧንቧው ሥር በየምቱ ቅርጹን ይለውጣል። ልብ ሲያርፍ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይላል፤ አፉ ሰብሰብ ያለ ስልቻ ይመስላል። ልብ መጨመቅ ሲጀምር ላይኛው አፍ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ የሸንበቆ ቁራጭ ይመስላል። በሮቹ ከግድግዳው ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አብረው ይሳባሉ። ስለዚህ ደሙ ገና ሳይወጣ መላቀቅ ይጀምራሉ፤ ብዙም አይጎዱም።

ከየበሩ ጀርባ ግድግዳው እንደ ከረጢት ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ወንዝ ከድንጋይ ጥግ እንደሚሽከረከር ደሙም እዚያ ይዞራል፤ ሲዞርም በሮቹን ወደ መዝጊያቸው ይገፋል። ይህን የጣሊያኑ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1513 ገደማ የበሬ ልብ መርምሮ ጽፎታል። ሰውዬው እኮ ሠዓሊ ነበር!

በአገራችን ብዙ ልጆች የልባቸው በሮች የሚበላሹት ከጉሮሮ ሕመም በመነሣት ነው። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይሻለዋል። ከሳምንታት በኋላ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። በሽታው ልቡን ካገኘው በሮቹ ይወፍራሉ፣ ጠርዛቸውም ይጣበቃል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በልብ ውስጥ ያለ ሌላ በር ነው፤ እነዚህም ግን አይቀርላቸውም። ያኔ ግድግዳው ቢስባቸውም በደንብ አይከፈቱም፣ ወይም አይገጥሙም። ልጁ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያግደውም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ። የጉሮሮውን ጀርም በጊዜው የሚገድለው ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ፔኒሲሊን ነው። በሽታው አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መርፌውን ይወጋል። ደህና መስሎት ካቋረጠ በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል፤ ባገረሸ ቁጥር በሮቹ ይብስ ይወፍራሉ።