ሒሳብ አልወድም፤ ጥንቁቅ ግን ነኝ፤ ምን ልሁን?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ስወያይ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «እህቴ፣ ደብተሬ ንጹሕ ነው፤ የፊደል ስህተት ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። ሒሳብ ግን አልወድም። ታዲያ ምን ልሁን?»

ብዙዎች ሒሳብ ስለከበዳቸው ብቻ ራሳቸውን «ሰነፍ» ይላሉ። እኔም ሶሲዮሎጂ የገባሁት ከሒሳብ ልሸሽ ብዬ ነበር፤ ስታትስቲክስ እዚያም ጠበቀኝ እንጂ! የጥንቃቄን ዋጋ የተማርኩት ግን ክፍል ውስጥ አይደለም።

ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አንድ ቀን ወረፋው ሲበዛ «ካርድ ክፍል አግዢ» ተባልኩ። ስምና የአባት ስም ጠራሁ፤ አንዲት ሴት «አቤት» አለች። ካርዱን ልሰጣት ስል የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ክንዴን ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ የአያት ስም ጠየቅሽ?» አሉኝ። አልጠየቅኩም። ለካ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ወረፋ ይዘዋል! በእጄ የነበረው ካርድ ደግሞ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትከታተለዋ ነበር። ባያስቆሙኝ ኖሮ የአንዷን ምስጢር ለሌላዋ አሳልፌ ልሰጥ ነበር። እኚያ እናት ከዚህ ያዳኑን በስሌት ሳይሆን ስም አጣርተው በማንበብ ነው።

ልብ በሉ፣ ካርድ ላይም ቁጥር አለ። ነገር ግን የካርድ ቁጥር አይደመርም፣ አይባዛም፤ ሳይሳሳቱ መገልበጥ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠሉት ማስላቱን ይሁን ወይስ ቁጥር ማየቱን ለዩ።

እስቲ በአካባቢያችን ለጥንቁቅ ሰው የሚሆኑ ሥራዎችን እንመልከት።

1. የሕክምና መዝገብ ሥራ፦ ካርድ ማውጣት፣ መመዝገብ፣ በቦታው መመለስና ምስጢር መጠበቅ።

2. ትርጉም፦ ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የመንግሥት ሥራ የሚካሄደው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪም ብዙ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ለፈ» መሬት ነው፤ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ «ላፋ» ይሆንና ለስላሳ ማለት ነው። በውል ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ምን እንደሚያስከትል አስቡት!

3. የብሬል ጽሑፍና እርማት፦ ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እንዳለባት ታውቃላችሁ። የብሬል ፊደል የሚሠራው ከስድስት ነጥቦች ነው። አንድ ነጥብ ከተዛነፈ ፊደሉ ሌላ ይሆናል።

4. ናሙና መቀበል፦ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም የሚገኘው ሰበታ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ መሣሪያው ምንም ቢራቀቅ፣ ናሙናው ላይ የተጻፈው ስም ከተሳሳተ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ይህኛው ግን የተፈጥሮ ሳይንስና መጠነኛ ስሌት ይፈልጋል።

5. ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፦ አዲስ አበባ የሚገኘው ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እዚያ ያለቦታው የተቀመጠ ሰነድ እንደጠፋ ይቆጠራል።

አደራ፣ «እንግዲህ ሒሳብን ልተወው» እንዳትሉ! 11ኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ ብትመርጡም ሒሳብ አብሯችሁ ይመጣል። ባትወዱትም ወደምትወዱት ሙያ የሚያሳልፋችሁን ያህል አጥኑት። ወደ ቴክኒክና ሙያ ብትሄዱም የብቃት ምዘና ይጠብቃችኋል።

በዚህ ሳምንት ከእነዚህ ሥራዎች በአንዱ የተሰማራ ሰው ፈልጋችሁ «ምን ተማሩ? ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ? ስህተት ቢፈጠር ማን ይጎዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛውን ጥያቄ አትርሱት፤ የሥራውን ክብር የምታውቁት በእሱ ነው።

ለክበባችሁ የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ. ካርድ ክፍል ውስጥ የጎረቤታችሁን ካርድ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?
ለ. ከጓደኞቻችሁ መካከል ጥንቁቁ ማነው? ይህን ነግራችሁት ታውቃላችሁ?

ሰላም ሁኑልኝ!