የሼል ዓይነቶችና የስክሪፕት ተሻጋሪነት

ሼል በተጠቃሚውና በስርዓተ ክወናው መካከል ሆኖ የተጻፈለትን ትዕዛዝ እየተረጎመ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። ትዕዛዞች በቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ሲሰፍሩ ስክሪፕት ይባላሉ። ይሁን እንጂ ሼሎች ሁሉ አንድ ሰዋስው አይከተሉም። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን የሼል ዓይነቶች ከገለጸ በኋላ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ስክሪፕት ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ሲሻገር የሚያስከትለውን ስውር ስህተት ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው ወገን ከቦርን ሼል የሚመነጨው ነው። ስቲቨን ቦርን በቤል ላብስ ያዘጋጀው ይህ ሼል በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ተሰራጨ። በዚያው ተቋም ዴቪድ ኮርን የሠራው ኮርን ሼል በ1983 ይፋ ሆነ። ብራያን ፎክስ ለግኑ ፕሮጀክት የጻፈው ባሽ በ1989፣ ዚ-ሼል ደግሞ በ1990 ተከተሉ። ዛሬ በዴቢያንና በኡቡንቱ የሚገኘው ዳሽም የዚሁ ወገን ነው፤ መጠኑ አነስተኛ፣ ፍጥነቱ ከፍተኛ ሲሆን ባሽ የጨመራቸውን አብዛኞቹን ቅጥያዎች አያውቅም።

ሁለተኛው ወገን ቢል ጆይ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጻፈው ሲ ሼል ነው። አጻጻፉ የሲ ቋንቋን ቢመስልም ፈንክሽን መደንገግ ስለማይቻልበት ለረጅም ስክሪፕት አይመረጥም። ከሁለቱም የሚለየው ማይክሮሶፍት በ2006 ያወጣው ፓወርሼል ሲሆን፣ ከአንዱ ትዕዛዝ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ባሕርያት ያሉት ኦብጀክት ነው።

የቦርን ወገን ሼሎች የጋራ መሠረት በ1992 በፖዚክስ ደረጃ ተደንግጓል። ችግሩ የሚነሳው ስክሪፕቱ ከዚህ መሠረት ሲያልፍ ነው። በዩኒክስ መሰል ስርዓቶች «ኤስኤች» የሚለው ስም በየስርዓቱ ወደተለያየ ሼል ያመለክታል። ኡቡንቱ በ2006 ባወጣው 6.10 እትሙ ይህን ስም ከባሽ ወደ ዳሽ አዛወረው፤ ዓላማውም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚወስደውን ጊዜ ማሳጠር ነበር። ተጠቃሚው በተርሚናል የሚሠራበት ሼል ግን ባሽ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ በተርሚናል ተሞክሮ የሠራ ትዕዛዝ በ«ኤስኤች» ስም ሲጠራ ሊከሽፍ ይችላል።

ለአብነት፣ የመጠባበቂያ ዲስኩ ፎልደር መኖሩን አረጋግጦ ፋይሎችን በየሌሊቱ የሚቀዳ ስክሪፕት ይወሰድ። ሁኔታው በድርብ ማዕዘን ቅንፍ ከተጻፈ ባሽ በትክክል ይረዳዋል። ዳሽ ግን ድርቡን ቅንፍ እንደ ትዕዛዝ ስም ቆጥሮ ይፈልገዋል፤ ሲያጣውም ሁኔታው እንዳልተሟላ ይቆጥራል። ቅጂው ይታለፋል፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ሌላ ትዕዛዝ ከሌለ ስክሪፕቱ መሳካትን የሚያመለክተውን ዜሮ ቁጥር መልሶ ያበቃል። የስህተት መልእክቱን የሚያነብ ሰው ከሌለ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ቅጂው በተፈለገ ዕለት ነው።

ሁለተኛው አብነት ክፍት ቦታ ያለበት የፋይል ስም ነው። ስሙን የያዘው ተለዋዋጭ በትእምርተ ጥቅስ ካልታቀፈ፣ ባሽ ስሙን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ዚ-ሼል ግን በነባሪ አሠራሩ እንደ አንድ ስም ይይዘዋል። አፕል ከ2019 ጀምሮ በማክኦኤስ ለአዳዲስ ተጠቃሚዎች ዚ-ሼልን ነባሪ ስላደረገ፣ በዚያ የተሞከረ የመሰረዣ ትዕዛዝ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያልታሰበ ፋይል ሊያጠፋ ይችላል።

ከዚህ በመነሳት ሦስት ጥንቃቄዎች ይመከራሉ። አንደኛ፣ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር የተጻፈበትን ሼል በግልጽ ይጥቀስ፤ ስክሪፕቱ በ«ኤስኤች» ስም ከተጠራ ግን ይህ መስመር እንደ ተራ ማስታወሻ ስለሚታለፍ፣ በቀጥታ በራሱ ስም ማስኬድ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በብዙ ማሽኖች የሚሠራ ስክሪፕት በነጠላ ቅንፍና በሌሎች የፖዚክስ አጻጻፎች ይወሰን፤ ተለዋዋጮቹም በትእምርተ ጥቅስ ይታቀፉ። ሦስተኛ፣ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በዳሽ ይሞከር፤ ሼልቼክ በተባለው መሣሪያም ይፈተሽ።