ለወላጅዎ ደመራን በቀጥታ ሥርጭት ከመክፈትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ልጅ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ የመስቀል አደባባዩን ሥርጭት ከፍቶ ይሄዳል። እናት ብቻቸውን አይተው፣ ብቻቸውን እልል ብለው ይውላሉ። ሥርጭቱን መክፈት ቀላል ነው። ሐሳብዎ ግን ብቸኝነታቸውን ማቅለል ከሆነ ጥቂት ነገሮችን አስቀድመው ይዩ።

አብሯቸው የሚያይ ማን ነው? ከሁሉ በፊት ይህን ይመልሱ። ለአንድ ሰው ትልቅ ቴሌቪዥን ከመግዛት ለሦስት እኩዮቻቸው የመኪና መክፈል ይሻላል። ማን እንደሚጠራ እሳቸውን ይጠይቁ፤ የተኳረፉትን ሰው አምጥተው ጎናቸው እንዳያስቀምጡ። ቡናውን የሚያፈላም ይኑር፤ የቤቱ ባለቤት ጉድ ጉድ እያለች እንግዳ አይጫወትም። በእግራቸው ደኅና ከሆኑና በአቅራቢያ ያለ ቤተ ክርስቲያን ደመራ የሚለኩስ ከሆነ ግን እዚያው ይውሰዷቸው። የቤቱ ሥርጭት መውጣት ላቃታቸው ነው።

ሰዓቱ ይመቻል? መስከረም 16 አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ዲሲ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ለቡና የተሠራ ሰዓት። ሌሎች በዓላትንም ለማሳየት ካሰቡ፣ በጥር የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ስምንት ይሆናል። ስለዚህ የጥምቀቱን ጠዋት በቀጥታ ልይ ያለ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ መቀመጥ አለበት። ዋዜማው ከተራ ግን ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ እዚህ ገና ማለዳ ነው። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻን ማየት ለሚፈልጉ ወላጆችም የእሑዱ ማለዳ እዚህ የቅዳሜ ሌሊት ነው። እንዲህ ሲሆን የተቀዳውን በማግስቱ ተሰብስቦ ማየት ይሻላል። ሌሊት ብቻን ተቀምጦ ቀጥታውን በማየት የሚገኝ ትርፍ አይታየኝም።

ሥርጭቱ እንደሚዘገይ ያውቃሉ? በኢንተርኔት የሚመጣው ምስል ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። አዲስ አበባ ያለች እህት በስልክ መስመር ላይ ካለች እዚህ ደመራው ገና ቆሞ ሳለ «ወደቀ!» ትላለች። በየት በኩል እንደሚወድቅ ሊገምቱ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደስታ እዚያ ላይ ያልቃል። ስልኩ ደመራው እዚህም ከወደቀ በኋላ ይደወል፤ ያኔ «በየት በኩል አያችሁት?» ተብሎ ወሬው ይረዝማል።

ቻናሉን ማን መረጠው? «ቀጥታ» ተብሎ የተለጠፈው ሁሉ ቀጥታ አይደለም፤ የአምናውን መልሶ የሚያሳይ ሞልቷል። ለማየት የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ካጋጠመዎ ወዲያው ይዝጉት። የኢቢሲን ወይም የቤተ ክርስቲያኒቱን የራሷን ሥርጭት ከዋዜማው ፈልገው ያስቀምጡ፤ ሪሞቱን ይዘው ሲዳክሩ መዝሙሩ ያልፋቸዋል።

ድምፁስ? ጆሯቸው ለደከመ ቴሌቪዥኑን ማስጮህ መፍትሔ አይሆንም፤ ጨዋታውን ይውጠዋል። ትንሽ ድምፅ ማጉያ አጠገባቸው ያድርጉ፤ ጋዜጠኛው በመዘምራኑ ላይ ብዙ የሚያወራ ከሆነም ሌላ ቻናል ይሞክሩ።

የእንግዶቹን መመለሻ መኪና ሥርጭቱ በሚያልቅበት ሰዓት አይጥሩ። ወሬው የሚደምቀው ያኔ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጨምሩበት።