ጫጫታው በየትኛው ሽቦ ገባ?

የሳይንስ ክበብ ልጆች ዘንድሮ ለወላጆች ቀን የሠሩትን የድምፅ ማጉያ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአያቶቻቸው የቀዱትን ተረት ሊያሰሙን ነበር። ተረቱ ሲጀመር ግን ከስፒከሩ የወጣው እንደ ንብ መንጋ ያለ ጫጫታ ነው፤ የአያቶቹ ድምፅ ከሥሩ ተቀበረ። ማጉያውን የበየደው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔም «ትልቅ ካፓሲተር ጨምሩበት» ብዬ መከርኩ። ጨመሩ፤ ምንም አልተለወጠም። ምክሬ ለምን እንዳልሠራ ማስረዳት ዕዳዬ ነው።

ማጉያው ኤል ኤም 386 በሚባል ቺፕ የተሠራ ሲሆን ኃይል የሚያገኘው ከ9 ቮልት አዳፕተር ነው። የድሮ አዳፕተር ከባድ የነበረው በውስጡ ትልቅ የብረት ትራንስፎርመር ስለነበረው ነው። የዛሬው የግድግዳውን ኮረንቲ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይለውጥና በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ በትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። ረብሻውም የሚወለደው ከዚሁ ማብራትና ማጥፋት ነው።

አንዲት ተማሪ ጥሩ ጥያቄ አነሣች፦ «የሰው ጆሮ ከ20,000 ሄርዝ በላይ አይሰማም፤ አዳፕተሩ በ65,000 ሄርዝ ከሠራ እንዴት ሰማነው?» ብዙ አዳፕተሮች ጭነቱ ትንሽ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ ይሠሩና ያርፋሉ፣ እንደገና ይሠራሉ፤ ይህ ምት ጆሮ በሚሰማው ክልል ሊወድቅ ይችላል። ሁለት አዳፕተሮች አንዱ በ65,000 ሌላው በ66,000 ሄርዝ ቢሠሩ ደግሞ ማጉያው ውስጥ ተቀላቅለው የልዩነታቸውን ያህል፣ የ1,000 ሄርዝ ፉጨት ሊፈጥሩ ይችላሉ።

ረብሻው በኃይሉ ሽቦ የሚገባ ከሆነ ማጣሪያ አለው። በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ 10 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ፤ ከእሱ በኋላ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ኔጌቲቭ አገናኙ። 1ን በሁለት ፓይ፣ በሬዚስተሩና በካፓሲተሩ ብዜት ስታካፍሉ 16 ሄርዝ ገደማ ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ የ1,000 ሄርዝ ረብሻ ወደ ስልሳኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። ይህ ግን በነፃ አይገኝም፤ ማጉያው 0.1 አምፔር ሲስብ ሬዚስተሩ 1 ቮልት ይበላል። ትልቁ ካፓሲተር በጣም ፈጣኑን ረብሻ ስለማያስቀር ከቺፑ እግር አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ መጨመር ያስፈልጋል። እግሮቹ ይጠሩ!

የእኛ ችግር ግን ሌላ ነበር። ተረቱ የሚመጣው ቻርጀሩ ከተሰካ ላፕቶፕ ነበር። በእነዚህ አዳፕተሮች ውስጥ ከግድግዳው ወገን ወደ ውጪው ወገን የምትሻገር ትንሽ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ አለች፤ ጥቂት የረብሻ ኮረንቲ በእሷ ያልፋል። ላፕቶፑና ማጉያው በድምፅ ገመድ ሲገናኙ ይህ ኮረንቲ ከአንዱ አዳፕተር ወደ ሌላው የሚሄደው በገመዱ ኔጌቲቭ ሽቦ ነው። ያው ሽቦ የድምፁም መመለሻ ስለሆነ ማጉያው ረብሻውን ከተረቱ ጋር አብሮ ያጎላዋል። በኃይሉ መስመር ላይ በርሜል የሚያህል ካፓሲተር ብታስቀምጡ አይደርስበትም። እኔ የሳትኩት ይህንን ነው።

ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ ጫጫታው ከጠፋ መንገዱ የድምፅ ገመዱ ነው። ካልጠፋ ማጉያውን በ9 ቮልት ባትሪ አሠሩት፤ አሁን ከጠፋ ጥፋቱ የኃይሉ ሽቦ ነው። ያኔም ካልጠፋ ብየዳችሁን ፈትሹ።

ልጆቹ ከአሮጌ ሞደም ያወጡትን 1 ለ 1 የድምፅ ትራንስፎርመር በገመዱ መካከል አስገቡ። ድምፁ በማግኔት ይሻገራል፤ የረብሻው ኮረንቲ ግን መንገዱ ይቋረጥበታል። ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ሳሳ፤ ለተረት አይጎዳም።

ወላጆችም ልብ በሉልኝ፦ አዳፕተሩን ራሱን መክፈት በትምህርት ቤታችን የተከለከለ ነው። በ240 ቮልት መስመር ላይ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ወደ 340 ቮልት ይሞላል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ጫጫታ ለማጥፋት ብሎ የመሬቱን መስመር መቁረጥም ሰው ይገድላል።

ተረቱን ከሳምንት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ደግመን አዳመጥነው። ከአንዲቱ አያት ጀርባ የሚጮኸው ዶሮ እንኳ ተሰማ።