ልጄ፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት

ለኮንዶሚኒየማችሁ ኮሚቴ መመረጥህን፣ የጋራ መገልገያውን ሕንፃ ለማደስም መዋጮ መጀመራችሁን ሰማሁ። እግዚአብሔር ይርዳህ፤ እነዚህን ግን ልብ በል።

1. የቀረውን ሰው ፈልግ። ሊፍት በሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናት ለለቅሶ ብለው ያን ሁሉ ደረጃ ይወርዳሉ። አዳራሹ በር ላይ መደገፊያ የሌለው ሌላ ሦስት ደረጃ ሲገጥማቸው ግን ይመለሳሉ። ለምን እንደቀሩ ለማንም አይናገሩም፤ ጎረቤትም ይቀየማቸዋል።

2. ለዚህ በር ራምፕ አሠራ፤ በሜትርም ለካው። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ለሦስቱ 5 ሜትር ከ40 መሆኑ ነው። ግንበኛው «ቦታ የለም» ብሎ በ2 ሜትር ሊጨርሰው ይሞክራል፤ አትፍቀድለት። እንዲህ የቆመ ራምፕ ላይ ዊልቸር ሲወጣ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ሲወርድ አይያዝም። ቦታው ካጠረ ግድግዳውን ተከትሎ ይታጠፍ፤ መታጠፊያው ላይና በሩ ፊት 1 ሜትር ከ50 ሜዳ ይተው። ሊሾውን አታለስልሱት፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይሻከር፣ ዝናብ ሲመታው እንዳያንሸራትት። መደገፊያ ብረቱም በሁለቱም ጎን ይሁን።

3. የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት። ውስጥ የወደቀ ሰው ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር በገላው ይዘጋዋል፤ የሚደርስለትም አይገባም።

4. በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄድም ደረጃ መውጣት ለማይችልም የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ደነገገ። ከስብሰባው አንዱ ተነሥቶ «የእኛ እኮ የሕዝብ ሕንፃ አይደለም» ይልሃል። በአንቀጽ አትከራከረው። ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ቅርጫ የምንካፈልበት፣ ልጆቻችንን የምንድርበት ቤት የማን እንደሆነ እሱው ይንገርህ።

5. «ዊልቸር የሚጠቀሙት በጓሮ በእርድ ቦታው በኩል ይግቡ» የሚል ሐሳብ ከመጣ እምቢ በል። ሰው ሁሉ በሚገባበት በር ይግቡ።

6. ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት መሬቱ ላይ በኖራ አስምረህ፣ ዊልቸር የሚጠቀሙትንና ነጭ በትር የሚይዙትን ጎረቤቶችህን ጥራ። የዊልቸሩ ጎማ የውኃ መውረጃው ፍርግርግ ውስጥ እንደሚቀረቀር የሚያዩት እነሱ ናቸው። ያሉህን ጻፍ፤ ለግንበኛውም የጻፍከውን ስጠው።

7. ሥራው ሲያልቅ ራምፑ አፍ ላይ መኪና እንዳይቆም፣ ሮቶ እንዳይቀመጥ በመተዳደሪያ ደንባችሁ አስገባ፤ ለጥበቃውም ንገረው።