የተቃጠለ ጋዝ መልሶ ማዘዋወሪያ ፍሰት ማነስ፦ መንስኤውን የመለየት ዘዴ

በቤንዚን ሞተር የተቃጠለው ጋዝ በከፊል ወደ አየር ማስገቢያው የሚመለሰው የቃጠሎውን ሙቀት ዝቅ ለማድረግ ነው። ፍሰቱ ሲያንስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀት ይጨምራል፤ ሞተሩም ጭነት ሲበዛበት ሊያንኳኳ ይችላል። የሞተሩ ኮምፒውተር ችግሩን በፒ0401 ኮድ ያስታውቃል። ኮዱ ግን የፍሰቱን ማነስ እንጂ መንስኤውን አይገልጽም፤ ስለዚህ ሳይመረምሩ ቫልቩን መቀየር ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል።

በቫኪዩም የሚሠራ ቫልቭ ሲመረመር፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቫልቩ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይከፈታል። ሞተሩ ከተንገጫገጨ ወይም ከጠፋ መተላለፊያው ክፍት ነው፤ ጉድለቱ በቫኪዩም ቱቦው፣ በሶሌኖይዱ ወይም በፍሰት ሴንሰሩ ላይ ይፈለጋል። ቫልቩ መከፈቱ እየታየ ሞተሩ ካልተለወጠ መተላለፊያው በካርቦን ተደፍኗል፤ መፍትሔውም ማጽዳት ነው። መለወጥ የሚገባው ቫኪዩም መያዝ ያቃተው ቫልቭ ነው።