በጉባኤ ፊት ለሚናገር ሰው፤ ነገርን በዐይን ስለ ማሳየት

በጉባኤ ፊት ቆሞ የሚናገር መምህር ድምፁ ቢያምር፥ ቃሉም ቢጣፍጥ፥ ሰሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ ይዞት የሚገባ ነገር ከሌለው ድካሙ ከንቱ ነው። ዦሮ ብዙ ይቀበላል፥ ብዙም ያፈሳል፤ ዐይን ያየውን ግን በቶሎ አይለቅም። ይህንም የቀድሞ ሰዎች ዐውቀውታል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በሥዕል የተሞላው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ታሪኩን ከግድግዳው እንዲረዳ ነው እንጂ። ሕፃንም ፊደልን የሚማረው ገበታውን በፊቱ ይዞ፥ በስንደዶ እያመለከተ ነው። በአውሮፓም ኮሜንዮስ የተባለው መምህር እንደ አገሩ አቈጣጠር በ1658 ዓ.ም በሥዕል የተሞላ የልጆች መማሪያ ማሳተሙ ከዚሁ አሳብ የመጣ ነው።

በጌዴኦ ምድር፥ በይርጋ ጨፌ ወረዳ ባለችው በኮንጋ፥ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ኹሉ በጓሮ ይገኛል። የአገሩ ሰው ኑሮ በቡናና በእንሰት ነው። ቡናውም በውጭ አገር ስሙ የታወቀ ስለ ኾነ፥ የተበላሸው ፍሬ ከደኅናው ጋራ ተቀላቅሎ ቢሸጥ ጕዳቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እንግዲህ መምህሩ ስለ ቡና ለቀማ እንዲናገር በተጠራ ጊዜ፥ ስለ ጥራት ረጅም ቃል ከሚያወርድ ይልቅ አንድ ገንዳ ውሃና አንድ ቁና እሸት ቡና ያምጣ። ፍሬው ከውሃው ሲጨመር ተባይ የበላው፥ ውስጡ ባዶ የኾነው፥ በዛፉም ላይ የደረቀው ይንሳፈፋል፤ ደኅናው ይሰጥማል። በዚያን ጊዜ መምህሩ ዝም ይበል፤ የታየውንም ነገር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይናገር። ሰው በራሱ አፍ ያወጣውን ቃል ከሌላ ከሰማው ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋልና።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ብዙ ጊዜ ከቀዩ ጋራ አብሮ ይሰጥማል። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ «ውሃው ክፉውን ኹሉ ይለያል» ብሎ እንደ ኾነ፥ ገንዳው በሕዝብ ፊት ይመሰክርበታል፤ ከዚያም ወዲያ እውነቱን ቢናገር የሚያምነው ጥቂት ነው። የሚያሳየውን ነገር ኹሉ በዋዜማው በቤቱ ይፈትነው። አረንጓዴውን ከቀዩ መለየት የለቃሚው ዐይንና ጣት ሥራ ስለ ኾነ፥ ሁለቱን ፍሬ በአንድ ሰፌድ ጐን ለጐን አድርጎ ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፍ ይበቃል።

ስለ መሬትም እንዲሁ ነው። ጌዴኦ ተዳፋት አገር ነው፤ ገበሬው ከላይ ታላላቅ ዛፍ፥ ከሥሩም ቡናና እንሰት አድርጎ ስለሚያለማው ዝናሙ ሲበረታ አፈሩ ሳይጠረግ ኖሯል። ይህ አያያዙና የጥንት ትክል ድንጋዮቹ በመስከረም 2016 ዓ.ም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ አስገብተውታል። ዛፉን ቈርጦ ለመሸጥ ለሚያስብ ጐልማሳ ግን የመዝገቡ ወሬ ብዙ አይመልሰውም። ለእርሱስ ወፍራም ቀርከሃ ለሁለት ተሰንጥቆ በሁለቱም አፈር ይሙላ፤ አንዱ በረገፈ ቅጠል ይሸፈን፥ ሌላው ራቍቱን ይቅር፤ ሁለቱም ዘንበል ብለው እኩል ውሃ ይፍሰስባቸው። ከቅጠሉ ሥር የሚወርደው ጠራ ይላል፤ የሌላው ጭቃ ነው።

ሥዕል የሚወድ መምህር በከሰል በሳንቃ ላይ ቢሥል መልካም ነው፤ ከሩቅ የሚታይ አንድ ሥዕል ብቻ ይሁን። ስምንት ሥዕል የሣለ እንደ ኾነ ሕዝቡ ሥዕሉን ይቈጥራል እንጂ ነገሩን አይሰማም። የሚታየውም ነገር በአገሩ ቋንቋ ይጠራ። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ የኾነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉባኤው በሶንጎ የኾነ እንደ ኾነ ዕቃው አስቀድሞ ለሽማግሌዎች ይቅረብ። ሲበተንም ገንዳው ወዲያው አይደፋ፤ በስተኋላ የቆሙት፥ ይልቁንም ቡናውን በእጃቸው የሚለቅሙት ሴቶችና ልጆች፥ ቀርበው ራሳቸው ይሞክሩት።